ትንሹ አንቺን ይሰማል

ውዴ፣

እንዴት ከረምሽ? ጠፋሁብሽ፣ አውቃለሁ። ይቅርታውን ፊት ለፊት ስንገናኝ በደንብ እጠይቅሻለሁ። ቁጣሽንም ለዚያ ቀን አቆዪልኝ፤ አንቺ አንዴ ከጀመርሽ ይነጋልና ዛሬ አይሆንም። ዛሬ የጻፍኩልሽ ስለ ትንሹ ወንድሜ ነው።

አትደንግጪ። ይበላል፣ ይራመዳል፣ ይከራከራል። ቀዶ ሕክምናውን ሰምተሻል። ዕጢው ግላዮብላስቶማ የሚባለው የአንጎል ካንሰር መሆኑን ግን የነገረሽ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከዚያ ስድስት ሳምንት ጨረር ተሰጠው፣ ከጎኑም በየቀኑ ቴሞዞሎማይድ የሚባል የኬሞ መድኃኒት ወሰደ። አለቀ ብለን ደስ ብሎን ነበር። ጨረሩ ካበቃ ሦስት ወር ሳይሞላው በተነሳው ኤምአርአይ ላይ ግን፣ ዕጢው በወጣበት ቦታ ጠርዝ ላይ አዲስ የሚያበራ ነገር ታየ።

ምስሉን አሳዩኝ። ነጭ ነው። እሱን ካየሁ በኋላ ዓይኔ ሌላ ነገር ማየት እምቢ አለ። በቃ ተመለሰ አልኩ በልቤ። ሐኪሟ ግን ዕጢ ሊሆን ይችላል፣ የሕክምናው ውጤትም ሊሆን ይችላል፣ ዛሬ በዚህ ብቻ መለየት አይቻልም አለችን። መጀመሪያ እኔን ለማጽናናት የተናገረችው መስሎኝ ነበር። አይደለም፣ እውነት ነው። ደጋግሜ ጠይቄ አሁን ገብቶኛል፣ ላንቺም የምነግርሽ አንቺ በራስሽ አንደበት እንድትነግሪው ነው።

ከምስሉ በፊት በደም ሥር ጋዶሊኒየም የሚባል ነገር ይሰጡታል። ጤናማ አንጎል በደሙና በራሱ መካከል አጥር ስላለው ጋዶሊኒየሙ አያልፍም። አጥሩ ሲፈርስ ግን ይሾልካል፣ የሾለከበትም ቦታ በምስሉ ላይ ያበራል። አጥሩን ዕጢ ያፈርሰዋል። ጨረርና ኬሞም ያፈርሱታል። ያ ነጭ ነገር የሚነግረን አጥሩ መፍረሱን ነው፣ ማን እንዳፈረሰው አይነግረንም። ሕክምናው ያመጣው ሲሆን ሱዶፕሮግሬሽን ይሉታል። ብዙ ጊዜ የሚታየው ልክ እሱ ባለበት ወቅት፣ ጨረር ካለቀ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሦስት ወራት ውስጥ ነው። ሕክምናው ሳይለወጥ በራሱ የሚቀንስ ወይም ባለበት የሚቆም ነው። ራኖ የሚባለው ሐኪሞች የሚከተሉት መመሪያም እ.ኤ.አ. በ2010 ሲወጣ፣ በነዚያ 12 ሳምንታት ውስጥ ከጨረሩ ክልል ውጪ አዲስ ነገር ካልታየ ወይም ናሙና ተወስዶ ካልተረጋገጠ፣ በምስሉ ብቻ ዕጢው አድጓል ብላችሁ አትወስኑ ብሎ ነበር። የሱ ደግሞ ከክልሉ አልወጣም!

ስለዚህ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ድጋሚ ይነሳ ተባለ። በዚያኛው የደም ፍሰቱንም ይለካሉ፤ ዕጢ የራሱን ደም ሥሮች ስለሚያበዛ እዚያ ቦታ ደም ይበዛል፣ የጨረር ጉዳት ሲሆን ግን አብዛኛውን ጊዜ ያንሳል። እሱም ቢሆን ሁሌ አይቆርጥም፣ አንዳንዴ ናሙና መውሰድ ግድ ይሆናል። ግን ከአሁኑ ምስል ጋር የሚያስተያዩት ሌላ ምስል ከሌለ ምንም ማለት አይችሉም።

ትንሹ አልነሳም አለ።

«ከመጣ መጣ ነው፣ ማሽኑ አያስቀረውም» ይለኛል። ልለምነው ስጀምር ክፍሉ ገብቶ ይዘጋል። እናታችን ታለቅሳለች፣ እሱ ይበልጥ ይዘጋል። እና... እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም... እምቢ ያለ ቀን ትንሽ ቀለል ብሎኝ ነበር። ካልተነሳ ክፉ ወሬ አልሰማም ማለት ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። አንቺ ብቻ ነሽ የማትፈርጂብኝ።

አንቺን ግን ይሰማል። ከልጅነቱ ጀምሮ እኔ ስነግረው ጆሮ የማይሰጠውን ነገር አንቺ ስትዪው «እሺ እትዬ» ነው። ስቀናብሽ ኖሬያለሁ፣ አሁን ግን ይኸው ለዚህ ቀን ጠቅሞኛል። ደውዪለት። ዕጢው ተመልሷል ብሎ ደምድሟል፣ መጀመሪያ እሱን ንቀዪለት። ድነሃል ግን እንዳትዪው፣ ያን ማንም አያውቅም፣ እሱም ውሸት ቶሎ ይሸተዋል።

ሌላም አለ። ለአንጎሉ እብጠት የሚወስደው ዴክሳሜታሶን የሚባል መድኃኒት እንቅልፍ ይነሳዋል። በራሱ ፈቃድ እየቀነሰው ይመስለኛል፣ ስጠይቀው ይቆጣል። መድኃኒቱ ሲጨመር የሚያበራው ነገር ሊቀንስ፣ ሲቀነስ ደግሞ ሊጨምር ይችላል፣ ስለዚህ መጠኑን በትክክል ካላወቁ ሐኪሞቹ ምስሉን አሳስተው ሊያነቡት ይችላሉ። በድንገት ማቋረጡም ራሱ አደገኛ ነው። አንቺ ብትጠይቂው አይደብቅሽም። ስንት እየወሰደ እንደሆነ እወቂና ለኔ ሳይሆን ለሐኪሟ ራሱ እንዲነግራት አድርጊ።

ስላንቺ ምንም ሳልጠይቅ ወረቀቱን ሞላሁት። ሥራሽ፣ ልጆችሽ፣ ያ ጉልበትሽ፣ ሁሉንም ንገሪኝ። ብቻ መጀመሪያ ለሱ ደውዪ፣ ማታ ማታ ስልኩን ያነሳል። እኔ መጻፌን አትንገሪው። ከተስማማ ደግሞ ቀኑን እነግርሻለሁ፣ ውጤቱን ስንሰማ አጠገቤ ብትሆኚ... ከቻልሽ ነው፣ ብትመጪልኝ።

ያንቺው