ቡታ ጋዝ ሻጮች፣ ምክርም ስጡን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ወጥ ጥጄ መብራት እየጠፋ ሲያስቸግረኝ ከኤሌክትሪክ ምድጃ ወደ ቡታ ጋዝ ዞርኩ። እንጀራው አሁንም በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው፤ ሽሮው ግን በጋዝ ቶሎ ይደርሳል።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሻጩ ሲሊንደሩን አስረክቦኝ ሄደ፤ ስለ አደጋው ትንፍሽ አላለም። ቡታ ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ካፈተለከ ወለል ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ መስኮት ብቻ ሳይሆን የበረንዳው በርም ይከፈት። ማገናኛው ላይ የሳሙና አረፋ ቀቡበት፤ አረፋው ከተነፋ እያፈሰሰ ነው። በክብሪት መሞከር ፈጽሞ አይገባም! ከሸተታችሁ የመብራት ማብሪያ ማጥፊያውንም አትንኩ። ሻጮች ይህችን ጽፈው ሲሊንደሩ ላይ ቢለጥፉልን ምን አለበት?

የጀሞ ነዋሪ፣ አዲስ አበባ