ራሷን የምታቆም መኪና ከመግዛትሽ በፊት

ደብረ ብርሃን
ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ልጄ ለትዕግሥት፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ያስቸገረን ብርዱ ብቻ ነው። የደብረ ብርሃንን ታኅሣሥ ታውቂው የለ፣ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይጋገራል።

በቴሌግራም የላክሽልኝን የሁለቱን መኪኖች ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ስልክ ላይ ስናወራ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ሐሳቤን አልጨረስኩልሽም። ገንዘቡ በላብሽ ያጠራቀምሽው ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብዬ ልጻፍልሽ ብዬ ተቀመጥኩ።

በቆሙ መኪኖች መሃል ራሷ መሪዋን አዙራ ፓርክ የምታደርግ፣ ራሷን የምታቆም መኪና ለምን እንዳማረችሽ ይገባኛል። የፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈርሽን አይቼዋለሁ። ኮብልስቶኑ ጠባብ ነው፣ ዳገት ነው፣ በግራም በቀኝም መኪና ተደርድሮበታል፤ ሁለት መኪና ፊት ለፊት ከተገናኘ አንዱ የግድ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። ከኋላሽ ሚኒባስ ክላክስ እያንባረቀ፣ አንዱ ልጅ በቀኝ «ቁረጪ!» ሌላው በግራ «መልሺ!» እያለሽ መሪ ማዞር ያስጨንቃል። ጭንቀቱን የሚያቀልልሽ ነገር መፈለግሽ ትክክል ነው። ብዙ ዘመን በከባድ መኪና መሪ ላይ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ይህን ቴክኖሎጂ አልንቀውም፤ እንዲያውም ደስ ይለኛል።

ግን እንዴት እንደሚሠራ ካላወቅሽ ሻጭ የፈለገውን ይነግርሻል። ነገሩ ያን ያህል አዲስ አይደለም፤ ቶዮታ ጃፓን ውስጥ ፕሪየስ ላይ ገጥሞ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። የፊቱና የኋላው ፓራውልት ላይ የሳንቲም ያህል ክብ ሴንሰሮች አሉ። የሰው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ይልካሉ፤ ድምፁ አንድ ነገር ነክቶ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ይዘው ርቀቱን ያሰላሉ። በቆሙት መኪኖች ጎን ቀስ ብለሽ ስታልፊ የጎኖቹ ሴንሰሮች ክፍተቱን ይለኩታል፤ የሚበቃት ከሆነ ስክሪኑ ላይ ታሳይሻለች። ከዚያ ትቆሚያለሽ፣ የኋላ ማርሽ ታስገቢያለሽ፣ እጅሽን ታነሺያለሽ፤ መሪው ራሱ ይዞራል። በአንዳንዶቹ ፍሬኑና ማርሹ ያንቺ ሥራ ነው፤ በአዳዲሶቹ ሁሉንም ራሷ ትሠራዋለች። በየትኛውም ቢሆን እግርሽ ከፍሬኑ አይራቅ። ሕፃን ከኋላ ሮጦ ቢገባ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ።

እኔን የሚያሳስበኝ ቱቦው ነው። ቤትሽ ደጃፍ፣ ክዳኑ የተነሣው ቦይ። ሴንሰር የሚያውቀው የቆመ ነገርን ነው፤ ግንብን፣ መኪናን፣ ሰውን። ጉድጓድን አያውቅም። ድምፁ ነክቶት የሚመለስበት ነገር ከሌለ መኪናዋ ቦታው ባዶ ነው ብላ ትወስዳለች፤ ባዶ ማለት ደግሞ ለሷ መቆሚያ ማለት ነው። በዚያ ላይ ይህ አሠራር የታሰበው የመንገዱ ዳር ከፍ ባለ ድንጋይ ለተከበበ ከተማ ነው፤ መኪናዋ ቀጥ ብላ የምትቆመው ያንን ጠርዝ ወይም ጎረቤት መኪኖችን አይታ ነው። አንቺ ሰፈር ጠርዝ የለም፤ ስለዚህ የምትከተለው መኪኖቹን ነው። እነሱ ተንጋደው ከቆሙ እሷም ትንጋደዳለች፤ የኋላ ጎማዋም ወደ ቦይው አፍ ይጠጋል። ቀጭን ብረትና ዝቅ ያለ ድንጋይም ሊያመልጣት ይችላል። እዚህ ደብረ ብርሃን ደግሞ ጠዋት ሴንሰሮቹ ላይ ውርጭ ተጋግሮ ታገኚዋለሽ፤ በክረምት ጭቃ ይሸፍናቸዋል። ከመነሣትሽ በፊት በለስላሳ ጨርቅ ጠርጊያቸው።

ለዚህ ነው ዙሪያውን የሚያሳየውን 360 ካሜራ ከሁሉም የማስቀድመው። አንድ ከፊት፣ አንድ ከኋላ፣ ሁለት ደግሞ ስፖኪዮዎቹ ሥር አለ፤ አራቱ ተገጣጥመው መኪናሽን ከላይ ሆነሽ እንደምታያት አድርገው ያሳዩሻል። የቦይውን አፍና ጎማሽን በአንድ ስክሪን ላይ ማየት ትችያለሽ። ቦይው መኖሩን የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ካሜራው ዓይን ይሰጥሻል፣ ውሳኔው ያንቺ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ስፖኪዮ እንዴት እንደሚሰረቅ ታውቂያለሽ፤ ካሜራ ያለበት ስፖኪዮ ስንት እንደሆነና ማን እንደሚገጥመው ሳትጠይቂ ክፍያ አትፈጽሚ። ሲቀየርም ካሜራው እንደገና መስተካከል አለበት፤ አለዚያ ምስሉ ይዛባል።

አሁን ወደ ሁለቱ መኪኖች ልምጣ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለተከለከለ ምርጫሽ ኤሌክትሪክ መሆኑ ጥሩ ነው። ራሷን ታቆማለች የተባለችው የቮልስዋገኗ አይዲ 4 ርዝመት 4 ሜትር ከ59 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ራስ ማቆሚያ የሌላት የቢዋይዲዋ ሲጋል 3 ሜትር ከ78 ነች። ልዩነቱ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። እዚህ ላይ ቆም በይልኝ። ራሳቸውን የሚያቆሙ መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ ከርዝመታቸው በላይ 80 ሳንቲ ሜትር፣ አንዳንዶቹም አንድ ሜትር ያህል ትርፍ ካላገኙ «ቦታ የለም» ብለው ያልፉታል። ስለዚህ አይዲ 4 አምስት ሜትር ተኩል ገደማ ትፈልጋለች። ያንቺ ሰፈር ማታ ላይ ያን ያህል ክፍተት መቼ ይገኛል? ሲጋሏ በእጅሽ ብትነጂያት አራት ሜትር ተኩል ውስጥ ትገባልሻለች። ቴክኖሎጂ የሌላት አጭሯ መኪና፣ ቴክኖሎጂ ያላት ረጅሟ እምቢ ባለችው ቦታ ትቆማለች ማለት ነው። አይዲ 4ን ግን አልበድላትም፤ ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ የፊት ጎማዎቿ በደንብ ይታጠፋሉ፤ በ10 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ክብ ውስጥ ትዞራለች። ሲጋሏም በ9 ሜትር ከ90 ነው የምትዞረው። አይዲ 4 ለትልቅነቷ ጎበዝ ነች። ስፋቷ ግን 1 ሜትር ከ85 ነው፤ እሱም ስፖኪዮ ሳይቆጠር። በሯን ከፍተሽ መውረድም አለብሽ እኮ።

ሻጩ «ራሷን ታቆማለች» ያለሽን በቃሉ አትቀበዪው። አንድ ዓይነት ስም ይዘው በደረጃ የሚለያዩ መኪኖች አሉ፤ አንዱ ላይ ያለው ሌላው ላይ የለም። ፓራውልቱን በእጅሽ ዳስሺና ክቦቹን ቁጠሪ። አብዛኛውን ጊዜ ይህን የሚሠሩት ከፊት ስድስት ከኋላ ስድስት፣ በድምሩ 12 ናቸው። ከኋላ ብቻ አራት ካየሽ የምትጮህ እንጂ የምታቆም መኪና አይደለችም። የሲጋሏ ማስታወቂያ ላይ የኋላ ካሜራና የኋላ ሴንሰር ብቻ ነው የተጻፈው፤ እሱ ቢያንስ አልዋሸም። ፓራውልቱ ስቱኮ በልቶ እንደገና ተቀብቶ እንደሆነም እዪ፤ ሴንሰር ላይ የተደራረበ ቀለም ያደነቁረዋል። ስክሪኑ በቻይንኛ ከሆነ የፓርኪንጉን ማዘዣ የት እንደሆነ ያሳይሽ፤ የማታነቢውን ማስጠንቀቂያ ይዘሽ ልትነጂ አትችዪም። ከዚያ ከግቢው ውጪ፣ እውነተኛ መንገድ ላይ፣ በሁለት መኪኖች መሃል አንቺው ሞክሪያት። ሻጩ እምቢ ካለ ተመለሺ።

ወደ እኛ ስትመጪ መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከሰንዳፋ ወዲህ ሽቅብ አለበት፤ ብርዱም ባትሪ ይበላል። ሲጋል ሁለት ዓይነት ባትሪ አላት፤ በቻይና መለኪያ 305 እና 405 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች የሚባልላት። ትልቁን ውሰጂ፤ ከተጻፈውም ብዙ ቀንሺለት። አያትሽ ጋ ደብረ ሲና ስትወርጂ ከጣርማ በር ጀምሮ ቁልቁለቱ ራሱ ባትሪውን በጥቂቱ ይሞላልሻል፤ እሱ ጥሩ ነው። አይዲ 4ን ከገዛሽ ግን ደብረ ሲና ላይ በራስ ማቆሚያው አትጠቀሚ። ተዳፋት ላይ በእጅሽ አቁሚ፣ የእጅ ፍሬኑን ያዢ፣ የፊት ጎማውን ወደ ዳር አዙሪው።

እኔ ብሆን ሲጋሏን ገዝቼ በተረፈው ገንዘብ 360 ካሜራ በጥሩ ባለሙያ አስገጥም ነበር። አይዲ 4ን ከወደድሻት ግን አልከለክልሽም፤ 12ቱ ክቦችና ዙሪያ ካሜራው እንዲኖሯት ብቻ እፈልጋለሁ። የገና ዕለት ስትመጪ ከሰዓት በኋላ መንገዱ ጭር ሲል ሁለት በርሜል አቁመን በመሃላቸው አስገብተሽ ታሳዪኛለሽ። መሪ መቼ እንደሚቆረጥና መቼ እንደሚመለስ እጅሽ እስኪያውቀው ድረስ አብሬሽ እሆናለሁ።

እስከዚያው ድረስ አንድ ሥራ ልስጥሽ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሜትር ይዘሽ ውጪና ደጃፍሽ ላይ በሁለቱ መኪኖች መሃል የሚተርፈውን ክፍተት ለኪው፤ ከመኪኖቹ ጎን እስከ ቦይው ያለውንም ጨምሪ። ቁጥሮቹን ላኪልኝ፤ ከዚያ ስለ ዋጋው እንነጋገራለን። እናትሽ ቆሎና በሶ አዘጋጅታልሻለች፤ ሰው ሲገኝ እንልካለን።

አባትሽ