ከዲዛይን በፊት ይጠሩ
ለአዘጋጁ፦ ስለ ተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ባወጣችሁት ጽሁፍ የተለያየ ሙያ ያላቸው ሰዎች አብረው ይስሩ የተባለው ልክ ነው፣ ግን መቼ የሚለው ተዘሏል። ብዙ ጊዜ ኢኮሎጂስቱ (የስነ ምህዳር ባለሙያው) እና ሶሲዮሎጂስቱ (የማህበረሰብ አጥኚው) የሚጠሩት ኢንጂነሩ የፕሮጀክቱን ዲዛይን ከጨረሰ በኋላ ነው፣ ያኔ በጀቱም ተይዟል ቦታውም ተመርጧል፣ ታዲያ ምን ሊቀይሩ ነው? በመካከለኛው እስያ ያለውን የአራል ባህር ማየት ይበቃል፤ በፈረንጆቹ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ወደ ባህሩ የሚፈሱት ወንዞች ለጥጥ መስኖ ሲጠለፉ ጥጡ በቅሏል፣ ባህሩ ሲሸሽ ስራ ያጣው አሳ አስጋሪና ጨዋማ አቧራ የሚተነፍሰው ህዝብ ግን ሂሳብ ውስጥ አልገባም፣ ያሳዝናል። የባለሙያዎቹ ዳታም እርስ በርስ አይገጥምም፣ ሀይድሮሎጂስቱ (የውሃ ባለሙያው) በተፋሰስ ይለካል ኢኮኖሚስቱ በአስተዳደር ወሰን ይቆጥራል። ስለዚህ ፈንድ ሰጪዎች ከዲዛይን በፊት ባለሙያዎቹና የአካባቢው ተጠቃሚዎች አብረው መስክ ወርደው የፈረሙበት የጋራ ጥናት ካልቀረበላቸው ገንዘብ አይልቀቁ።