ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ለታናሽሽ «ዋሽንግተን እኮ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ናት» ማለትሽን ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ። ትኬቱ ላይ መነሻ 00:40፣ መድረሻ 10:10 ስላየሽ ቀንሰሽ ነው። መነሻው የሚጻፈው በአዲስ አበባ ሰዓት፣ መድረሻው ግን በዋሽንግተን ሰዓት ነው። ነሐሴ ላይ እነሱ ከእኛ 7 ሰዓት ወደኋላ ናቸው። ጨምሪበት፤ 16 ሰዓት ተኩል መንገድ ነው።

እሱስ ይሁን። የሚያስፈራኝ ቀኑ ነው። 00:40 ማለት በእኛ ከሌሊቱ 6:40 ነው። «ረቡዕ ኦገስት 19» የሚለው የፈረንጅ ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ስለሚለወጥ ነው። ለእኛ ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ የቡሄ ዋዜማ ሌሊት ነው። ማክሰኞ ማታ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ሻንጣሽ ቦሌ ሚዛን ላይ ይሁን። ረቡዕ ማታ ብትመጪ አውሮፕላኑ ዱለስ፣ የዋሽንግተኑ አየር ማረፊያ፣ ካረፈ አራት ሰዓት አልፎታል።

የወንድምሽን ነገር ታውቂዋለሽ። ለስንቱ መንገደኛ ትኬት የቆረጥኩ ሴት ለገዛ ልጄ ቀኑን እንጂ አጥቢያውን አልነገርኩትም። በማግስቱ ማታ ሻንጣውን እየጎተተ ሲመለስ በር ላይ የቆመው አቋቋም እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ምንም አላለኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ርቀቱ በቀጥታ መስመር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስትሄጂ ነዳጅ ለመቅዳት መንገድ ላይ ታርፋላችሁ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስላለ አየሩ ስስ ነው፤ ሙሉ ሰውና ሙሉ ነዳጅ የጫነ አውሮፕላን ከዚያ ለመነሣት ይከብደዋል። ላይ ያለው ነፋስም ከፊት ይገፋል። ዱለስ ግን ዝቅ ያለ ቦታ ነው፣ ነፋሱም ከኋላ ስለሚሆን ሲመለሱ 13 ሰዓት ያህል በቀጥታ ይበራሉ። መሀል ላይ ሲያርፍ ደረስን ብለሽ እንዳትወርጂ። ነዳጅ ሲቀዳ ቀበቶሽን ፍቺ ይሉሻል፣ ፍቺና ቁጭ በይ። ለገና ስትመጪ ደግሞ እነሱ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ የሰዓት ልዩነቱ 8 ይሆናል፤ በ7 እንዳታሰይ።

ፍልሰታ ስለሆነ የጾም ምግብሽን ዛሬውኑ እዘዢ፤ 24 ሰዓት ካልቀረው አይቀበሉም። ሻንጣ ሁለት፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፤ አንዱ 25 ሌላው 21 ቢሆን ተደምሮ ልክ ነው ብለሽ አትከራከሪ፣ የሚመዘነው ለየብቻ ነው። ቋንጣ አትያዢ፣ ዱለስ ላይ ፈታሾቹ ይወስዱብሻል። በርበሬና ሽሮውን ግን ሲጠይቁሽ አልያዝኩም እንዳትዪ። የስልክ መሙያ ባትሪሽ (ፓወር ባንኩ) በእጅ ቦርሳ እንጂ ሻንጣ ውስጥ አይገባም።

የኔ ዓለም፣ ቡሄን አየር ላይ ልትውዪው ነው። ሰኞ ሙልሙሉን ጋግሬ ከሐዋሳ እመጣለሁ። ማክሰኞ፣ ማክሰኞ ነው ያልኩሽ፣ 11 ሰዓት ላይ ጸጉርሽን ተሠርተሽ፣ ፓስፖርትሽን በእጅሽ ይዘሽ ጠብቂኝ።

እናትሽ