ለሞግዚቷም ውል ይጻፍላት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ስለ ሞግዚቶች የሚጻፈውና የሚወራው አብዛኛው ስርቆት፣ ጭካኔና መጥፋት ነው። «ሰው የለም እኮ፣ ማን ይታመናል?» የሚለው ምሬት ከቡና ዙሪያም ከቢሮ የምሳ ሰዓትም አይጠፋም። ሁለት ልጆች ያሉኝ ተቀጣሪ እናት ስለሆንኩ ምሬቱ ይገባኛል። ነገር ግን ልጃችንን ጥለንላት የምንወጣው ሴት ከእኛ ጋር ያላት ግንኙነት በየትኛው ሕግ እንደሚዳኝ ሲጠየቅ ሰምቼ አላውቅም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእኔ ለእናቲቱ ደግ ነው። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ይሰጠኛል። ዘጠናው ቀን ሲያልቅ ሕፃኑ ገና የሦስት ወር ነው። በቅርብ አያት ከሌለች፣ መሥሪያ ቤቱም የሕፃናት ማቆያ ከሌለው ሞግዚት መቅጠር ግድ ይላል። ይኸው አዋጅ ግን በአንቀጽ 3 ለትርፍ ላልሆነ ዓላማ የሚደረግ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከተፈጻሚነት ወሰኑ ያወጣዋል። ስለዚህ እኔ ወደ ሥራዬ እንድመለስ የምታደርገኝ ሴት እኔን በሚጠብቀኝ አዋጅ ውስጥ የለችም። በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት የሚለው ጣሪያ፣ የ24 ሰዓቱ ሳምንታዊ ዕረፍት፣ በ16 የሥራ ቀናት የሚጀምረው የዓመት ፈቃድ፣ የወሊድ ፈቃዱም ጭምር አይመለከታትም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት የግል አገልግሎትን የሥራ ሁኔታ ደንብ አውጥቶ እንዲወስን አዋጁ ይላል፤ ከእርሱ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996ም ይህንኑ ብሎ ነበር። ይህን እስከምጽፍ ድረስ ደንቡ አልወጣም። በ2003 ዓ.ም. የወጣውን የቤት ሠራተኞችን የሚመለከት የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 189ንም አገራችን አላጸደቀችም።

ጨርሶ ሕግ የለም ማለቴ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2601 ጀምሮ በአሠሪው ቤት ስለሚኖር ሠራተኛ ጥቂት ድንጋጌዎች አሉት። መኖሪያን፣ ምግብን፣ የሥራና የዕረፍት ጊዜን በሚመለከት አሠሪው የሠራተኛውን ጤናና ክብር ለመጠበቅ ተገቢውን ሁሉ እንዲያደርግ ያዛል። መልካም ነው፤ ግን ስንት ሰዓት ዕረፍት? ምን ዓይነት መኝታ? ጉዳዩ ፍርድ ቤት ካልደረሰ በቀር ተገቢውን የሚወስነው አሠሪው ራሱ ነው። ከገጠር የመጣች ልጅ ደግሞ በማን ጊዜና በማን ገንዘብ ፍርድ ቤት ትመላለሳለች?

ሕጉ የተወውን ክፍተት መሙላት ያለበት ውላችን ነበር፤ እኛ ግን ውሉን ለደላላ ትተነዋል። ደላላው ደመወዙን ያስማማና ቀሪውን «ትግባባላችሁ» ብሎ ይሄዳል። ኮሚሽኑን የሚያገኘው በእያንዳንዱ ቅጥር ስለሆነ ሠራተኛዋ ከቤት ቤት ብትዘዋወር ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም። በሁለተኛው ወር «እናቴ ታማለች» ብላ የወጣችው ሞግዚት ለምን እንደወጣች ስናስብ ይህንንም እናስብ።

እኔ ከማንም ጠበቃ ሳልጠይቅ፣ በአንድ ገጽ ላይ፣ በሁለት ቅጂ ውል መጻፍ ጀምሬአለሁ። ከሁሉ በፊት የሚጻፈው ሥራው ነው። ብዙዎቻችን ሞግዚት ብለን ቀጥረን ልብስ የምታጥብ፣ ወጥ የምትሠራ፣ እንጀራ የምትጋግር፣ ቤት የምትወለውል፣ በትርፍ ጊዜዋ ልጅ የምትጠብቅ ሠራተኛ እናደርጋታለን። ይህ የፍትሕ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንዳንዱ አሠሪ ችላ ባለው ነበር፤ ነገር ግን መዳህ የጀመረ ሕፃን ባለበት ቤት ምጣድ ላይ የተጣደች ሴት ልጁን ልታይ አትችልም። አደጋ ሲደርስ «ግድየለሽ» የምንላት እርሷን ነው። ልጁ ሲተኛ ምን እንደምትሠራና ምን እንደማትሠራ ለይቶ መጻፍ የሚጠቅመው ከማንም በላይ ልጁን ነው።

ሰዓቱም እንዲሁ። ከሕፃን ጋር የምታድር ሞግዚት ሌሊት ሦስት ጊዜ ተነሥታ ጡጦ ካዘጋጀች ሌሊቱም ሥራ ነው፤ ቀን የምትተኛበት ሰዓት ሊኖራት ይገባል። የዕረፍት ቀኗ ደግሞ ከቤት ወጥታ የምትውልበት መሆን አለበት። «እሑድ ዕረፍት ነሽ» ተብላ እንግዳ ስታስተናግድ የምትውል ሴት አላረፈችም።

ደመወዝን በሚመለከት አንድ የቆየ ልማድ ያሳስበኛል። «ይጠራቀምልኝ» ትላለች፣ እኛም በቅን ልቦና እንይዝላታለን፤ በዓመቱ ስንለያይ ስንት እንደተጠራቀመ፣ መሐል ላይ ለነጠላና ለስልክ ስንት እንደወሰደች ክርክር ይነሣል። ዛሬ የፋይዳ መታወቂያ አውጥቶ በስሟ የባንክ ሒሳብ መክፈት ከባድ አይደለም፤ ደመወዟ በየወሩ እዚያ ይግባ። የመታወቂያዋን ቅጂ መያዝ ተገቢ ሲሆን ዋናውን ቆልፎ ማስቀመጥ ግን ሰውን ማገት ነው። ዋስም እንጠይቅ፣ ግን ዋሱን የምንፈልገው ዕቃ ሲጠፋ ብቻ አይሁን፤ እርሷ ብትታመም ማን ጋ እንደምንደውል የምናውቅ ስንቶቻችን ነን? ስትታመም ማን እንደሚያሳክማት፣ የተሰበረ ሳህን ከደመወዝ ይቆረጥ እንደሆነ፣ ለመለያየት ስንት ቀን አስቀድሞ እንደሚነገር ይጻፍ። ይህ የመጨረሻው እኛንም ይጠቅማል፤ በዓል ሲደርስ ሳይናገሩ መጥፋት የሚቀንሰው እርሷም ሳይነገራት እንደማትባረር ስታምን ነው። በቤቱ ካሜራ ካለ ይነገራት፤ የምትተኛበትና የምትለብስበት ቦታ ግን ካሜራ አይገባበትም።

ዕድሜን በሚመለከት ደላላው «18 ሞልቷታል» ያላት ልጅ ፊቷ 13 እንደሆነች እየነገረን ዝም የምንል አለን። የሥራው አዋጅ ከ15 ዓመት በታች መቅጠርን ይከለክላል። የቤት ሥራን አይመለከትም ብለን ብንከራከር እንኳ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናትን ከጉልበት ብዝበዛና ትምህርታቸውን ከሚጎዳ ሥራ ይጠብቃል። ለራሷ አሳዳጊ የሚያስፈልጋት ልጅ የሦስት ወር ሕፃን ተቀብላ ማሳደግ የለባትም።

ከልምዴ አንድ ልጨምር። ሥራ ከመመለሴ በፊት ቢያንስ አንድ ሳምንት አብረን እንውላለን። የመድኃኒት መጠን፣ የአለርጂ ጉዳይ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907ና የአዲስ አበባ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ማቀዝቀዣው ላይ ይለጠፋሉ። ማንበብ ካልቻለች ቁጥሮቹን ደውላ ማግኘት እስክትችል አብረን እንለማመዳለን።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠኝ መልስ «እኔ እንደ ልጄ ነው የማያት፣ ውል ምን ያደርጋል?» የሚል ነው። ይህን የሚሉት ሰዎች ልጅ ጠዋት ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ ሞግዚቷ የማታ ትምህርት ልመዝገብ ስትል ግን «ሰዓቱ አይመችም» ትባላለች። ሌላው መልስ የገንዘብ ነው፤ እርሱን አላጣጥልም። በዛሬው ኑሮ ደመወዟን ለሞግዚት፣ ለቤት ኪራይና ለትራንስፖርት ከፍላ ባዶ እጅዋን የምትቀር እናት ብዙ ናት። ለዚህ መፍትሔው ሞግዚቷን ማርከስ ሳይሆን ማቆያ ማብዛት ነው። አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር፤ የግሉ ዘርፍ ተቀጣሪዎች ግን አሁንም በየቤታችን መፍትሔ ፈላጊ ነን። ሁለት ጎረቤታሞች ተስማምተው አንዲት ሞግዚት በተሻለ ደመወዝ ቢቀጥሩም ይቻላል፤ በኮንዶሚኒየም ግቢ ይህን ያደረጉ አውቃለሁ።

የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ደንቡን ለምክር ቤቱ ለማቅረብ ምን እንደቀረው ቢነግረን ደስ ይለናል። እስከዚያው አንድ ገጽ የናሙና ውል አዘጋጅቶ በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ቢያስቀምጥ በጀት የሚጠይቅ አይመስለኝም። ጋዜጣችሁም ጥያቄውን ለሚመለከተው ክፍል አቅርባችሁ የሚሰጠውን መልስ እንድታትሙልን እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት አንባቢያችሁ፣ ከሰሚት፣ አዲስ አበባ