ለልጄ፦ የሚይዘው እጅ ከስለቱ ፊት አይሁን

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

አክስትሽ ትናንት ማታ ደውላ ጣትሽን መቁረጥሽንና መሰፋቱን ነገረችኝ። አንቺ ግን «ትንሽ ጭረት ናት» ብለሽ ነበር የጻፍሽልኝ። ጭረት አይሰፋም። የግራ እጅሽ ሌባ ጣት መሆኑን ስሰማ፣ እንዴት እንደሆነ መጠየቅም አላስፈለገኝም። ከላጲስ ማኅተም ስትቀርጪ፣ ላጲሱን በግራሽ ይዘሽ የመቅረጫውን ስለት ወደዚያው እጅ ትገፊ ነበር። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ልበልሽ፦ የሚይዘው እጅ ከስለቱ ፊት አይሁን።

ስፌቱ እስኪወጣ መቅረጫ እንዳትነኪ። ማተሙን ግን አታቋርጪ፤ በቀኝ እጅሽ ብቻ ይሆናል።

በየቀኑ አንድ ማኅተም ልትቀርጪ ከራስሽ ጋር ቃል መግባትሽን አውቃለሁ። ቀኑ እንዳያመልጥሽ ብለሽ በእኩለ ሌሊት፣ በደከመ ዓይን ለመቅረጽ ተቀመጥሽ። ትጋትሽን እወድልሻለሁ፤ ግን በየቀኑ መሆን ያለበት ማተሙ እንጂ መቅረጹ አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን፣ በቀን ብርሃን፣ አንድ ማኅተም ቅረጪ። በቀሩት ስድስት ቀናት በእሱው አትሚ።

አንድ ማኅተም ለስድስት ቀን ምን ይበቃል እንዳትዪኝ። ኔዘርላንዳዊው ሠዓሊ ኤሸር እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ ይህንኑ ጥያቄ ይዞ ነበር፤ ከልጆቹም ጋር ድንች እየቀረጹ በማተም ተጫውተውበታል። የጨዋታው ሕግ ቀላል ነው። ካሬ ማኅተም ውሰጂ፤ በላዩ ያለው ሥዕል በየትኛውም በኩል ሲዞር የተለየ ይምሰል። እንግዲህ በአራት አቅጣጫ ይታተማል ማለት ነው፦ ቀጥ ብሎ፣ ሩብ ዞሮ፣ ተገልብጦ፣ ሦስት ሩብ ዞሮ። ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች አድርገሽ አራት ጊዜ አትሚ። ለእያንዳንዱ ቦታ 4 ምርጫ ስላለ 256 ዓይነት አደራደር ይወጣል። አራቱን እንደ አንድ ይዘሽ ገጹ እስኪሞላ ስትደጋግሚ ግን ብዙዎቹ ያው ሆነው ታገኛቸዋለሽ፤ አንዱ ሌላው ዞሮ ነው፣ ወይም አንድ ካሬ ወደ ጎን ተገፍቶ ነው። ኤሸር ተመሳሳዮቹን በእጁ እየለቀመ አውጥቶ 23 የተለያዩ ጥለቶች ቀሩት። ዛሬ በሒሳብ ሲፈተሽም ያው 23 ነው። አንቺ በሳምንት ስድስቱን ብታትሚ እንኳ 17 ይተርፍሻል፤ ታዲያ በሌሊት ሌላ ላጲስ ለመቁረጥ ምን አቻኮለሽ?

ጥለቱ እንዲያያዝ የካሬው ጠርዝ ላይ ተጠንቀቂ። ጎኑ 3 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በአራቱም ጎኖች 1 እና 2 ሴንቲ ሜትር ላይ ነጥብ አድርጊ፤ ከካሬው የሚወጣ መስመር ሁሉ በእነዚህ ነጥቦች ብቻ ይውጣ። እንደዚያ ከሆነ ማኅተሙን እንዴትም ብታዞሪው ከጎረቤቱ ይገጥማል። 1 ላይ ብቻ ካደረግሽ፣ ሲዞር የጎረቤቱ ነጥብ 2 ላይ ይውልና መስመሩ ተቆርጦ ይቀራል። የላክሽልኝ የቅጠሉ ጥለት የተበጣጠሰው በዚህ ነው።

ስትቀርጪም እንዲህ አድርጊ። አዲስ ላጲስ ላዩ ያንሸራትታል፤ በሳሙና አጥበሽ አድርቂው። ሥዕሉን በለስላሳ እርሳስ ወረቀት ላይ ሥሪ፣ ወረቀቱን በላጲሱ ላይ ደፍተሽ በጥፍርሽ እሺው። ሥዕሉ ተገልብጦ ያርፋል፣ ሲታተም ደግሞ ይቀናል። መጀመሪያ በቪ ቅርጽ መቅረጫ ዙሪያውን አውጪ፤ 1 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ይበቃል። ሰፊውን ቦታ በክብ አፉ 2 ሚሊ ሜትር ያህል አንሺ። ከመስመሩ የሚወርደው ግድግዳ ወደ ውጭ ተዳፋት ይሁን እንጂ ከመስመሩ ሥር አትቦርቡሪ፤ ሥሩ የተቦረቦረ መስመር ሲጫኑት ይታጠፋል፣ ሰንበት ብሎም ይቀነጠሳል። ሲጠማዘዝ እጅሽን አታዙሪ፤ ላጲሱን አዙሪ። ሲዞርም ቢሆን የሚይዘው እጅ ከስለቱ ፊት አይሁን።

ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ትንሽ ሳለሽ እንዳትቆረጪ ብዬ ዱልዱሙን እየመረጥሁ የሰጠሁሽ እኔ ነኝ። ስሉን ደብቄ ዱልዱሙን ሰጠሁሽ፤ አንቺም በኃይል መግፋት ለመድሽ። የማይቆርጥ ስለት ጉልበት ይጠይቃል፤ በጉልበት የተገፋ ደግሞ ላጲሱ ድንገት ሲለቀው የት እንደሚቆም አይታወቅም። ዛሬ የተሰፋው ጣት ያኔ የተጀመረ ነው። ይቅር በዪኝ። አሁን ግን መቅረጫሽን በላጲስ ቁራጭ ላይ ሞክሪው። ጉድጓዱ ጠርዙ የለሰለሰ ከሆነ ስል ነው፤ ፍርፋሪ ካወጣ ደንዟልና ማስወልወያ ቅባት በተቀባ ቆዳ ላይ አሥር ጊዜ ወደ ኋላ እየጎተትሽ ሳዪው፣ ወደ ፊት አትግፊ።

ለወንድምሽ ነግሬዋለሁ፣ ማስደገፊያ ጣውላ ይሠራልሻል፦ 20 በ25 ሴንቲ ሜትር፣ በሥሩ በአንቺ በኩል ከጠረጴዛው ጠርዝ የሚይዝ ዘንግ፣ በላዩ በሩቁ ጫፍ ደግሞ ላጲሱ የሚደገፍበት ሌላ ዘንግ። የላዩ ከላጲሱ ውፍረት ዝቅ ይበል፤ አለዚያ መቅረጫው ይጋጨዋል። በዚህ ላይ ላጲሱ ራሱ ስለሚቆም ግራ እጅሽ ከኋላ ይሆናል። ያለ ጣውላው አትቅረጪ፤ ቃልሽን እፈልጋለሁ።

ስታትሚ ማኅተሙን በስታምፕ ፓዱ ላይ አትጫኚው፤ ቀለሙ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባና ቀጫጭኑ መስመር ይደፈናል። ማኅተሙን ገልብጠሽ ይዘሽ ፓዱን በላዩ ሦስት አራት ጊዜ ነካ ነካ አድርጊበት። ከወረቀቱ ሥር ጥቂት የጋዜጣ ወረቀት አንጥፊ። ቀጥ አድርገሽ ጫኚ፣ እስከ ሦስት ቁጠሪ፣ ቀጥ አድርገሽ አንሺ፤ ካወዛወዝሽው የጉድጓዱ ጠርዝ አብሮ ይታተማል። በማኅተሙ ጀርባ ላይ የላዩን ወገን የሚያሳይ ቀስት ሥሪ፤ አለዚያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አቅጣጫው ይጠፋሻል። ካሬዎቹንም አስቀድመሽ በማስመሪያ አስምሪ፤ ያንዱን ቦታ ከቀደመው ኅትመት ተነሥተሽ ከለካሽ የ2 ሚሊ ሜትር ስሕተት በአሥረኛው 2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሁልጊዜ ከገጹ ጠርዝ ለኪ።

ቀለጠብኝ ያልሽኝ ማኅተም የቀለጠው በሙቀት አይደለም። የፕላስቲክ ላጲስ ከሌላ ፕላስቲክ ጋር ሲውል ማለስለሻው እየወጣ ሁለቱን ያጣብቃቸዋል። በወረቀት ጠቅልለሽ በካርቶን አስቀምጪ።

የመስታወት ግልባጭ ሁለተኛ ማኅተም መቅረጽ ስትፈልጊ፣ የመጀመሪያውን ቀለም አስነክተሽ በቀጥታ በአዲሱ ላጲስ ላይ አትሚውና ያንኑ ቅረጪ፤ ኅትመቱ ተገልብጦ ይወጣል። እሱ ግን ጣውላው ከደረሰ በኋላ ነው። የሚይዘው እጅ ከስለቱ ፊት አይሁን፣ ልጄ።

እሑድ ጣትሽን ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ የሳምንቱን ስድስት ገጾችም ከጎኑ ደርድሪልኝ።

የሚወድሽ አባትሽ