መታወቂያ የተጠየቅኩት እኔ ብቻ ነኝ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ጃፓኖች ትሕትና ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚሁ ደብረ ብርሃን ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ውሸት የለበትም፤ ግን ጎደሎ ነው። ቶኪዮ ሁለት ዓመት ተምሬያለሁና ልጨምርበት።

ባቡሩ ጢም ብሎ ሞልቶ እንኳ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ይቀራል። መጀመሪያ ሰሞን ሸሚዜን አሸትት ነበር! በኋላ ለመድኩት።

አብሮኝ የሚማር ነጭ አውስትራሊያዊ ነበር። እሱም እንደኔው «ጋይጂን» ነው፣ የውጭ ሰው። ግን ሁለት ቃል ጃፓንኛ ሲናገር ያጨበጭቡለታል። አንድ ማታ ከባቡር ጣቢያ አብረን ስንወጣ ፖሊስ እኔን ብቻ አስቆመኝ። ነዋሪ የሆነ የውጭ ዜጋ የነዋሪነት መታወቂያ ካርዱን ይዞ የመንቀሳቀስ ግዴታ አለበት። ጓደኛዬ የሱን ካርድ እቤት ረስቶታል። ማን ጠይቆት! ጥር 2016 ሦስት ነዋሪዎች «በመልካችን እየተለየን እንፈተሻለን» ብለው ቶኪዮ ፍርድ ቤት ክስ መሥርተዋል።

ደግሞ አንድ አዛውንት አገሬን ስነግራቸው «አበበ!» ብለው እጄን አልለቅ አሉ። ጥቅምት 1957 ማራቶኑን ሲያሸንፍ ልጅ ሆነው መንገድ ዳር ቆመው አይተውታል።

እኛስ? ባለፈው ሳምንት ወደ ደብረ ሲና በሚሄድ ሚኒባስ ረዳቱ አንዲት እናትን ከጋቢና አስነስቶ ፈረንጅ አስቀመጠ። ፈረንጁ አፍሮ «ኖ፣ ኖ» ይላል። እሳቸው ግን ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ኋላ ሄደው ነበር። እኔም ዝም አልኩ።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን